ሽማግሌው ሳይሰማ ሲቀር፦ ስለ ተቆጣጣሪ ሕዋሳትና ስለ ጣት መገጣጠሚያ ሕመም

መግቢያ

በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ስለ ወባ፣ ስለ ሳንባ ነቀርሳና ስለ ውሃ ወለድ በሽታዎች ብዙ ጊዜ ተጽፏል። እነዚህ ሁሉ ከውጭ ወደ ሰውነታችን በሚገቡ ጥቃቅን ነፍሳት የሚመጡ ናቸው። ዛሬ የማቀርበው ትምህርት ግን ከነዚያ ለየት ይላል። ጠላት ከውጭ ሳይመጣ ሰውነት በገዛ ጠባቂዎቹ የሚወጋበት በሽታ አለ። ከነዚህም አንዱ ሩማቶይድ አርትራይቲስ ይባላል። እኛ አገር ብዙውን ጊዜ ከሌላው ጋር ጠቅልለን «ቁርጥማት» ብለን የምናልፈው ነው።

ይህን ርእስ የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ የዚህ በሽታ ቁልፍ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ተቆጣጣሪ ሕዋሳት የሚባሉት ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. የ2025 የሕክምና ኖቤል ሽልማት የተሰጠው እነዚህን ሕዋሳትና አሠራራቸውን ላሳወቁ ሦስት ሳይንቲስቶች ነው። ነገ ሳይንስ ልናስተምር የምንወጣ ሰዎች ይህን ሳናውቅ ብንወጣ አያምርብንም። ሁለተኛው ምክንያት የራሴ ነው፤ ከታች በቦታው እናገረዋለሁ። ለመናገርም ደስ የሚል አይደለም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ እንደ እናንተው ሠልጣኝ ነኝ። ስለዚህ ያልገባኝን ነገር እንደ ገባው ሰው አድርጌ ላለመጻፍ ሞክሬአለሁ። ስሕተት የሚያይ መምህር ቢኖር እዚሁ ሥር በእርሳስ ቢያርመኝ ደስ ይለኛል።

1ኛ/ ቁርጥማት ስንል ምን ማለታችን ነው?

አገሬ አምባ ጊዮርጊስ ነው። አምባ ጊዮርጊስ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የወገራ ከተማ ናት። ደጋ ስለ ሆነች ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ውርጭ ነው። አገሩ ብርድ በመሆኑም አጥንት ላይ የሚሰማ ሕመም ሁሉ «ብርድ ገብቶት ነው» ተብሎ ይተረጎማል።

አክስቴ ያሳደገችኝ ሴት ናት። ጥጥ ፈታይ ናት፤ እንዝርቷን ካነሣች እንግዳ ካልመጣ በቀር አታስቀምጥም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት። ክብሪት መጫር፣ የማሰሮ ክዳን መክፈት አቃታት። ፀሐይ ወጥታ ጤዛው እስኪረግፍ ድረስ ሁለቱን እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ደጃፍ ትቀመጣለች። «ምን ሆነሽ ነው አክስቴ?» ስላት «ብርዱ ነው ልጄ፣ ፀሐይ ሲመታኝ ይለቀኛል» ትለኛለች። እውነትም ረፈድ ሲል ይለቃታል። እኛም ብርድ ነው ብለን ተቀመጥን። ጠበል ተጠመቀች፣ ወጌሻ አሻት፣ ቅቤ ተቀባች። እንዲህ እንዲህ ሲል ሦስት ዓመት አለፈ። በሦስተኛው ዓመት ጣቶቿ ወደ ትንሿ ጣት በኩል መዝመም ጀመሩ፤ እንዝርቱንም ሰቀለችው።

ይህን ስል ጠበሉን ለመንቀፍ አይደለም። ጠበሉ ሐኪም ቤት እንዳትሄድ አልከለከላትም። ያዘገያት «ብርድ ነው» የሚለው የሁላችን ቃል ነው። ብርድ ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል እንጂ በሽታውን አይፈጥረውም። እንዲያውማ በሽታው በቆላም በደጋም፣ በሞቃት አገርም በቀዝቃዛ አገርም ይገኛል።

እንግዲህ «ቁርጥማት» በሚለው በአንዱ ስም ሥር የሚገቡ ልዩ ልዩ በሽታዎች ስላሉ አስቀድመን እንለያቸው።

ሀ/ በዕድሜና በሥራ ብዛት የሚመጣ። በአጥንት ጫፍ ላይ ያለው ለስላሳው ሽፋን እየተበላ ሲሄድ የሚመጣ ሲሆን፣ ጉልበትንና ዳሌን ያጠቃል። ሲሠሩ ይብሳል፣ ሲያርፉ ይቀልላል።

ለ/ ሪህ። በደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ በዝቶ በመገጣጠሚያ ውስጥ እንደ ጨው ሲረጋ የሚነሣ ነው። ብዙውን ጊዜ ከእግር አውራ ጣት በድንገት ይጀምራል።

ሐ/ የሩማቲክ ትኩሳት። ይህ በተለይ የልጆች ነው፤ ስለዚህ መምህር ሊያውቀው ይገባል። ልጁ ጉሮሮውን ታሞ ከዳነ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቱ ያብጣል፤ ከዚያ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ወይም ወደ ክርኑ ይዞራል። እብጠቱ ይጠፋል፤ ነገር ግን የልብን በሮች አበላሽቶ ሊሄድ ይችላል። የጉሮሮው ሕመም በወቅቱ በፔኒሲሊን ቢታከም ይህን መከላከል ይቻላል።

መ/ ብሩሴሎሲስ። ካልፈላ ወተትና ከታመሙ ከብቶች የሚተላለፍ ሲሆን ትኩሳት፣ ላብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል።

ሠ/ ሩማቶይድ አርትራይቲስ። የዛሬው ርእሳችን ይህ ነው። ትናንሾቹን መገጣጠሚያዎች፣ በተለይ የእጅ ጣቶችንና የእጅ አንጓን ያጠቃል። በአንድ እጅ ከታየ በሌላውም ይታያል። ጠዋት መገጣጠሚያው ይደርቃል፤ ድርቀቱም ከግማሽ ሰዓት በላይ፣ አንዳንዴም ለሰዓታት ይቆያል። ሲያርፉ ይብሳል፣ ሲንቀሳቀሱ ይሻላል። ድካም፣ የሰውነት መክሳትና የደም ማነስም አብረው ይመጣሉ።

አክስቴ ፀሐይ ሲመታት የሚለቃት በሙቀቱ ብቻ አልነበረም። ሰዓቱ ስለ ደረሰና እጇን ማንቀሳቀስ ስለ ጀመረች ጭምር ነበር። እኛ ምልክቱን በየቀኑ እያየን ስሙን አጥተነው ነበር ማለት ነው።

እንደ ዓለም የጤና ድርጅት አቈጣጠር እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 18 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር። ከመቶው 70 ያህሉ ሴቶች ናቸው።

2ኛ/ ጠባቂዎችና ሽማግሌዎች

በደማችን ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳት መኖራቸውንና በሽታን መከላከላቸውን ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ተምረናል። ከነዚህ ውስጥ ሊምፎሳይት የሚባሉት በሁለት ዋና ዋና ወገን ይከፈላሉ። ቢ የሚባሉት ሕዋሳት ፀረ እንግዳ አካላትን ይሠራሉ። ቲ የሚባሉት ደግሞ አንዳንዶቹ በተሕዋስያን የተያዘን ሕዋስ ይገድላሉ፤ አንዳንዶቹ ረዳት ተብለው ሌሎቹን ያነሣሣሉ፣ ያስተባብራሉ።

ቲ የሚለው ፊደል የመጣው ታይመስ ከሚባለው ዕጢ ስም ነው። ይህ ዕጢ ከፍርምባ አጥንት ጀርባ ይገኛል፤ በልጅነት ትልቅ ሆኖ ዕድሜ ሲገፋ እየሟሸሸ ይሄዳል። ታይመስ የቲ ሕዋሳት ማሠልጠኛ ተቋም ነው ብንል አንሳሳትም። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ሕዋስ እዚያ ይፈተናል። የገዛ አካሉን እንደ ጠላት የሚያይ ከሆነ ፈተናውን ወድቆ እዚያው ይጠፋል። ይሁን እንጂ በየትኛውም ፈተና እንደሚሆነው ሁሉ መውደቅ ሲገባው የሚያልፍ አይጠፋም። ስለዚህ በጤነኛ ሰው ደም ውስጥም ቢሆን የገዛ አካሉን መውጋት የሚችሉ ሕዋሳት ይዞራሉ። አንባቢ ሆይ፣ በአንተም በአንቺም በእኔም ውስጥ አሉ።

ታዲያ ለምን ሁላችንም አልታመምንም? እዚህ ላይ ነው ተቆጣጣሪ ሕዋሳት የሚመጡት።

በገጠር ሁለት ሰዎች በወሰን ተጣልተው ዱላ ሲያነሡ ሽማግሌ መካከል ይገባል። ሽማግሌው ራሱ አይማታም። ሥራው ጠቡ ከልክ እንዳያልፍ፣ የሰው ቤት እንዳይቃጠል መያዝ ነው። ተቆጣጣሪ ቲ ሕዋሳትም እንደዚሁ ናቸው። ራሳቸው ከቲ ሕዋሳት ወገን ናቸው፤ ሥራቸው ግን ሌሎቹን ቲ ሕዋሳት «ይበቃል» ማለት ነው። ቁጥራቸውም ብዙ አይደለም፤ በደም ውስጥ ካሉት ረዳት ቲ ሕዋሳት ከመቶ ከ5 እስከ 10 የሚደርሱ ናቸው።

«ይበቃል» የሚሉትም በልዩ ልዩ መንገድ ነው።

አንደኛ፣ ስንቅ ይቆርጣሉ። ተዋጊ ቲ ሕዋሳት ለመባዛት ኢንተርሉኪን-2 የሚባል ኬሚካል ያስፈልጋቸዋል። ተቆጣጣሪዎቹ ይህን ኬሚካል የሚቀበል እጅ በብዛት ስላላቸው ቀድመው ይወስዱባቸዋል።

ሁለተኛ፣ የማነሣሻውን ምልክት ይሸፍናሉ፣ ከቦታውም ይነቅላሉ። ተዋጊው ሕዋስ ለመነሣት የጠላትን ምልክት ይዞ የሚያሳየው ሌላ ሕዋስ ያስፈልገዋል። ተቆጣጣሪዎቹ ሲቲኤልኤ-4 በሚባል ፕሮቲን አማካይነት በዚያ አሳዪ ሕዋስ ላይ ያለውን «ተነሡ» የሚል ምልክት ያጠፉበታል።

ሦስተኛ፣ የሚያበርዱ ኬሚካሎችን ያመነጫሉ። ኢንተርሉኪን-10 እና ቲጂኤፍ-ቤታ የሚባሉት ከነዚህ ውስጥ ናቸው።

3ኛ/ እንዴት ታወቁ?

የታሪኩ መነሻ እንግዳ ነገር ነው። ጃፓን አገር ተመራማሪዎች ገና በተወለዱ በ3ኛው ቀን የአይጥ ግልገሎችን ታይመስ አወጡ። ታይመስ የተዋጊዎች ማሠልጠኛ ከሆነ፣ ከወጣ በኋላ የሚጠበቀው የመከላከያ ኃይል መድከም ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የመከላከያ ኃይላቸው የገዛ አካላቸውን መውጋት ጀመረ። ሺሞን ሳካጉቺ የተባለው ሳይንቲስት ይህን ይዞ ሲመራመር፣ ለነዚህ አይጦች ከጤነኛ አይጥ የተወሰዱ ቲ ሕዋሳት ቢሰጧቸው ከበሽታው እንደሚድኑ አየ። ስለዚህ ከቲ ሕዋሳት መካከል ሌሎቹን የሚያረጋጉ አሉ አለ። ብዙ ሳይንቲስቶች በጊዜው አላመኑትም። እርሱ ግን አልተወውም፤ እ.ኤ.አ. በ1995 እነዚህ ሕዋሳት ሲዲ25 የሚባል ምልክት በላያቸው እንዳለ አሳይቶ ለያቸው።

በሌላ በኩል አሜሪካ ውስጥ በ1940ዎቹ በአንድ የምርምር ጣቢያ ሳይታሰብ የታመሙ አይጦች ተወልደው ነበር። ወንዶቹ ቆዳቸው ይቀረፋል፣ ጣፊያቸው ያብጣል፣ ከተወለዱ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይሞታሉ። ሜሪ ብራንኮውና ፍሬድ ራምስዴል የተባሉ ተመራማሪዎች የበሽታውን ምንጭ በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ሲፈልጉ ቆይተው ፍለጋውን ወደ 20 ጂኖች አጠበቡት። አንድ በአንድ መረመሩ፤ የተበላሸውን ያገኙት በመጨረሻው፣ በ20ኛው ላይ ነው። ይህም ጂን ፎክስፒ3 ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2001 ይኸው ጂን በሰው ልጅም ሲበላሽ ከባድ በሽታ በወንዶች ሕፃናት ላይ እንደሚያመጣ ተረጋገጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለቱ ታሪኮች ተገናኙ፤ ፎክስፒ3 የተቆጣጣሪ ሕዋሳት አዛዥ ጂን መሆኑ ታወቀ። የ2025 ሽልማት ለሦስቱ የተሰጠው ለዚህ ሥራ ነው።

እኔን ከዚህ ውስጥ የነካኝ የ20ኛው ጂን ነገር ነው። በ19ኛው ላይ ታክቷቸው ቢተዉት ኖሮ አላገኙትም ነበር። ለተማሪዎቻችን ይህን ብንነግራቸው ከቀመር ይበልጥ የሚያስታውሱት ይመስለኛል።

4ኛ/ በታመመው መገጣጠሚያ ውስጥ ምን ይሆናል?

እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ከውስጥ ሲኖቪየም በሚባል ስስ ሽፋን የተሸፈነ ነው። ሽፋኑ እንደ ዘይት ሆኖ መገጣጠሚያውን የሚያለሰልስ ፈሳሽ ይሠራል። በሩማቶይድ አርትራይቲስ ጊዜ ተዋጊ ሕዋሳት በዚህ ሽፋን ውስጥ ይሰፍራሉ። ሽፋኑ ይወፍራል፣ ይቀላል፣ ያብጣል። ቲኤንኤፍና ኢንተርሉኪን-6 የሚባሉ የብግነት ኬሚካሎች ይፈላሉ። ቢ ሕዋሳትም የገዛ አካልን የሚቃወሙ ፀረ እንግዳ አካላትን ይሠራሉ፤ እነዚህም በብዙ ሕሙማን ደም ውስጥ ሕመሙ ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት ሊገኙ ይችላሉ። በመጨረሻም የወፈረው ሽፋን ለስላሳውን አጥንትና ዋናውን አጥንት እየበላ ይሄዳል። የአክስቴ ጣቶች የዘመሙት በዚህ ነው። የተበላ አጥንት ደግሞ አይመለስም። ሦስት ዓመት መዘግየት ምን ማለት እንደ ሆነ እዚህ ላይ ይታያል።

እንግዲህ ጥያቄው፣ ሽማግሌዎቹ የት ሄዱ? የሚል ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገምተው ቁጥራቸው አንሶ ነው ብሎ ነው። በደም ውስጥ ስላለው ቁጥራቸው ጥናቶች እርስ በርሳቸው አልተስማሙም። ካበጠው መገጣጠሚያ በተቀዳው ፈሳሽ ውስጥ ግን ተቆጣጣሪዎቹ ከደም ይልቅ በዝተው ተገኝተዋል። ሽማግሌው ከጠቡ ቦታ አልቀረም ማለት ነው። ታዲያ ጠቡ ለምን አልበረደም? ለዚህ ሦስት ማብራሪያዎች ይሰጣሉ።

ሀ/ የሽማግሌው ድምፅ ደክሟል። እ.ኤ.አ. በ2004 ለንደን ውስጥ የወጣ ጥናት ከሕሙማን ደም ተቆጣጣሪ ሕዋሳትን ወስዶ መረመረ። እነዚህ ሕዋሳት ተዋጊዎቹ እንዳይባዙ ማድረግ ቢችሉም የብግነት ኬሚካል እንዳያመነጩ ማድረግ ግን አልቻሉም። ሕሙማኑ ቲኤንኤፍን የሚያግድ መድኃኒት ከተሰጣቸው በኋላ ችሎታቸው ተመለሰ። ስለዚህ ብግነቱ ራሱ ሽማግሌውን ያደክመዋል ማለት ነው።

ለ/ ተዋጊው አልሰማም ይላል። በታመመው መገጣጠሚያ ውስጥ ያሉ ተዋጊ ሕዋሳት ከመጠን በላይ ስለ ተነሣሡ ጤነኛ ተቆጣጣሪ እንኳ ቢመጣ በቀላሉ አይታዘዙለትም።

ሐ/ ሽማግሌው ራሱ ዱላ ያነሣል። በአይጥ ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ አንዳንድ ተቆጣጣሪ ሕዋሳት በብግነቱ ውስጥ ሲቆዩ ፎክስፒ3ን ያጣሉ፤ ከዚያም ኢንተርሉኪን-17 የሚያመነጩ ተዋጊዎች ሆነው አጥንት የሚበሉትን ሕዋሳት ያነሣሣሉ። ኢንተርሉኪን-6 ለዚህ ለውጥ አጋዥ ነው።

በሽታው መጀመሪያ ለምን እንደሚነሣ አንድ ምክንያት ብቻ የለውም። የዘር ድርሻ አለው፤ ትምባሆ ማጨስም አደጋውን ይጨምራል። ሌላው አስገራሚ ነገር እርግዝና ነው። ብዙ ሕመምተኞች ሴቶች በእርግዝናቸው ጊዜ ሕመሙ ይቀልላቸዋል፤ ከወለዱ በኋላ ይመለሳል። ፅንሱ ግማሹ የአባቱ ስለ ሆነ ለእናቲቱ ሰውነት እንደ እንግዳ ነው፤ ያን እንግዳ እንዳይወጋ ተቆጣጣሪ ሕዋሳት በእርግዝና ጊዜ በሥራ ይበረታሉ። ይህም ለሕመሙ መቅለል አንዱ ምክንያት እንደ ሆነ ይታሰባል።

5ኛ/ ከአገራችን የተገኘ ትምህርት

ይህ ሁሉ የጃፓንና የአሜሪካ ነገር ብቻ እንዳይመስለን አንድ የኢትዮጵያ ምሳሌ ልጥቀስ። በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባለው ገጠር ከ12,000 በላይ ሰዎች ስለ አስም ተጠይቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት በወጣው ውጤት መሠረት አስም በገጠር ከከተማ ይልቅ ያነሰ ነበር። በ2001 ደግሞ እዚያው ጅማ የተደረገ ሌላ ጥናት የመንጠቆ ትል በብዛት ያለባቸው ሰዎች አስም መሰል ሕመማቸው ያነሰ መሆኑን አሳየ።

አስም ከመገጣጠሚያ ብግነት የተለየ በሽታ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ግን የመከላከያ ኃይል ከልክ ማለፉ ነው። የአንጀት ትል በሰውነት ውስጥ ለዓመታት ለመኖር ሲል የመከላከያውን ኃይል ማስተኛት አለበት፤ ለዚህም ተቆጣጣሪ ሕዋሳትን እንደሚያበረታ በምርምር ታይቷል። በሌላ አነጋገር ትሉ ሽማግሌዎቹን በጉቦ ይዟል ማለት ይቻላል።

ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያው የትል መድኃኒት ለተማሪ አንስጥ» እንዳይል አደራ። የመንጠቆ ትል የልጅን ደም ይመጣል፤ ልጁ ይገረጣል፣ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። ሳይንቲስቶች ከትሉ መማር የሚፈልጉት ብልሃቱን ነው።

6ኛ/ ስለ መድኃኒቱና ስለ እኔ ስሕተት

ለሩማቶይድ አርትራይቲስ በዋናነት የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴት የሚባል እንክብል ነው። ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የታወቀ፣ ከአዳዲሶቹ ጋር ሲተያይ ርካሽ የሆነ መድኃኒት ነው። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ከእርሱ ጋር ፎሊክ አሲድ ይሰጣል፤ ደምና ጉበትም በየጊዜው ይመረመራል። እርጉዝ ሴት ፈጽሞ አትወስደውም።

አሁን የራሴን ልናገር። አክስቴ በመጨረሻ ሆስፒታል ሄዳ በሽታው ታወቀላት፤ መድኃኒቱም ታዘዘላት። ሐኪሙ በሚገባ ነግሯታል። ቤት ስትመጣ ግን «እስቲ ልጄ፣ አንተ ተምረሃል፣ አንብብልኝ» ብላ እሽጉን ሰጠችኝ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስሁ ሰው ነኝ፤ ጐረቤቱ ሁሉ የሚያስነብበው እኔን ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ላይ ላዩን አየት አደረግሁና «አራት አራት ፍሬ በቀን አንድ ጊዜ» አልኋት። «ሐኪሙ በሳምንት ያለኝ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። «ተሳስተሽ ሰምተሽ ነው፤ በሳምንት የሚወሰድ መድኃኒት አለ እንዴ!» አልሁ። እርሷም አመነችኝ። ያልተማረች መሆኗን አስባ የራሷን ጆሮ ትታ የኔን አፍ ያዘች።

በስድስተኛው ቀን አፏ ውስጥ ቁስል ወጣ፤ ውሃ መዋጥ አቃታት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለሌላ ጉዳይ ቤታችን ስትመጣ አየቻት፤ እሽጉን አንሥታ አነበበችና ደነገጠች። መድኃኒቱ በዚያው ቀን ቆመ፤ አክስቴም ሆስፒታል ተኛች። በየቀኑ ሲወሰድ የአጥንት መቅኒ ደም መሥራቱን እስኪያቆም ድረስ ሊያደርስና ሊገድል እንደሚችል የተነገረኝ እዚያ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች። ዛሬ መድኃኒቱን በሐኪም ትእዛዝ እንደ ገና ጀምራ በየሳምንቱ ቅዳሜ ትወስዳለች። እኔን አልተቆጣችኝም። «አንተ ምን አደረግህ፣ ለደጉ ብለህ ነው» ነው ያለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ተቆጣጣሪ ሕዋሳትን ማጥናት የጀመርሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ያነበብሁትን ቃል በቃል ማንበብ የጀመርሁትም ከዚያ ወዲህ ነው።

ከሜቶትሬክሴት ሌላ አዳዲስ መድኃኒቶች አሉ። ቲኤንኤፍን የሚያግዱት ብዙ ሰው ጠቅመዋል፤ ነገር ግን ተደብቆ የተኛ የሳንባ ነቀርሳን ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉ አስቀድሞ ምርመራ ያስፈልጋል። ይህ ነቀርሳ ለበዛበት ለእንደኛ ላለ አገር ትልቅ ጉዳይ ነው። ኢንተርሉኪን-6ን የሚያግድም አለ። ከሁሉ የገረመኝ አባታሴፕት የሚባለው ነው፤ የተሠራው ከላይ ሽማግሌዎቹ የ«ተነሡ»ን ምልክት ያጠፉበታል ካልነው ከሲቲኤልኤ-4 ነው። የሰው ልጅ የሽማግሌውን በትር አይቶ ተመሳሳዩን ቀርጾ ሠራ ማለት ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ዋጋቸው ውድ ነው። ተቆጣጣሪ ሕዋሳትን ራሳቸውን አበርትቶ ወይም አባዝቶ ለሕመምተኛ መመለስም በሙከራ ላይ ይገኛል።

7ኛ/ ለመምህር ምን ይጠቅማል?

እኛ ከዚህ ስንወጣ አብዛኞቻችን የምንመደበው ገጠር ነው። ሐኪም ቤት ሩቅ በሆነበት ቀበሌ ወረቀት የሚያነብ ሰው ሲፈለግ የሚጠራው መምህሩ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን እንያዝ።

1. ጠዋት ጠዋት ጣቱ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚደርቅ፣ የሁለት እጁ መገጣጠሚያ ያበጠ ሰው፣ ሕመሙም ለሳምንታት ከቆየ፣ «ብርድ ነው» ሳንል ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ እንምከር። በሽታው በመጀመሪያዎቹ ወራት ቢያዝ አጥንቱን ማትረፍ ይቻላል።

2. ጉሮሮውን ታሞ ከቆየ በኋላ ጉልበቱ ያበጠ ተማሪ ስናይ ወላጁን በዚያው ቀን እናስጠራ።

3. ያበጠና የሚያቃጥል መገጣጠሚያ አይታሽ፣ አይጎተት።

4. የመድኃኒት ወረቀት እንድናነብ ስንጠየቅ ያልገባንን «አልገባኝም» እንበል። ሐኪም ለሕመምተኛው የነገረውንም ሳናጣራ አንሻር።

ማጠቃለያ

ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት በ1947 ዓ.ም. ነው። ብዙ የጤና ባለሙያ ከዚህች ከተማ ወጥቶ አገሩን አገልግሏል። ይሁን እንጂ ከከተማዋ ብዙም በማይርቅ አምባ ላይ አንዲት ሴት ሦስት ዓመት ሙሉ በጣቶቿ ስትሠቃይ የበሽታዋን ስም የሚነግራት ሰው አላገኘችም። ይህን ክፍተት ሐኪም ብቻውን አይሞላውም፤ መምህርም ድርሻ አለው።

አክስቴ አሁን ክብሪት ትጭራለች፣ ቡናም ታፈላለች። የዘመሙት ጣቶቿ አልተቃኑም። እንዝርቱ እንደ ተሰቀለ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ/ ታይመሳቸው በ3ኛው ቀን የወጣላቸው አይጦች የመከላከያ ኃይላቸው ከመድከም ይልቅ የገዛ አካላቸውን ለምን ወጋ?

ለ/ በታመመው መገጣጠሚያ ፈሳሽ ውስጥ ተቆጣጣሪ ሕዋሳት በዝተው ሳሉ ብግነቱ የማይበርደው ለምንድን ነው? ሦስቱን ማብራሪያዎች አወዳድሩ።

ሐ/ የሽማግሌው ምሳሌ ለ6ኛ ክፍል ተማሪ ይሆናል ወይስ ያሳስተዋል? ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ያላችሁ ጽፋችሁ እዚህ ሥር ለጥፉ።